ባቡር ያልመጣበት ለገሃር

ባለፈው ጥር ለእህቴ ልጅ ሰርግ ሞጣ ተጠርቼ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ረድፍ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን በጋቢ ሸፍኜ ጠላዬን ስጎነጭ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ፊቴ ቆመና «አባባ፣ ይነሱ እንጂ!» አለኝ። ተነሳሁ። ወንበሩን ለሌላ እንግዳ የፈለጉት መስሎኝ ጋቢዬን ሰብስቤ ወደ ድንኳኑ በር መሄድ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁ ለካ ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ይነሱ ማለቱ ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጀርባዬን ግን ላብ አጠመቀው። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሳየው፣ በሙሽሮቹ መሀል የቆመው ሽማግሌ ከችሎት የቀረበ ተከሳሽ ነው የሚመስለው። እህቴ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ የደነገጥህ?» አለችኝ። ይህቺ «ይነሳ» የምትባል ቃል አንድ ጊዜ አንድ ቤት ልታስጠፋብኝ እንደነበር በሰርግ መሀል እንዴት ብዬ ልንገራት?

ቤቱ ቢቸና ነው ያለው፤ የድሮው መናኸሪያ የትኬት ቤት። ለዛሬ ልጆች መናኸሪያ ማለት የታጠረ ሜዳ፣ የብረት በርና ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ማጉያ ነው። የኛ መናኸሪያ ቤት ነበረው፤ ያውም ቤት የሚባል ቤት። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እያንዳንዱ ተጠርቦ፣ መጋጠሚያው በኖራ ተሞልቷል። ከፊቱ በስምንት የወይራ ምሰሶ የቆመ ረጅም በረንዳ አለው። የቆርቆሮውን ጠርዝ ዙሪያውን የሚከበው በእጅ መጋዝ የተፈለፈለ የእንጨት ጥልፍ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው ወለሉ ላይ ያርፋል፤ ቆመው መኪና በሚጠብቁ ሴቶች ነጠላ ላይም ሲያርፍ ጥበቡ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ይጠፋ ነበር። ሦስቱም በሮች ከላይ ቅስት ናቸው። በመሀለኛውና በግራው በር መካከል ትኬት የምቆርጥባት ትንሽ መስኮት አለች፤ ደፏ የሰው ክርን ሲያሻት ኖሮ መሀሏ ጎድጉዷል። ማን እንዳሠራው ሁለት ወሬ አለ። ጣሊያን ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ አንድ የአገር ባላባት ለበቅሎ ጭነት ማረፊያ ያሠራው ነው የሚሉም አሉ። ድሬዳዋ የኖረ አንድ ወታደር በረንዳው ላይ ቆሞ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ «ይኸማ ለገሃር ነው፤ ባቡሩ ብቻ ነው የቀረ» አለ ይባላል። ከዚያ ወዲህ የቢቸና ሰው «ለገሃር ጋ ጠብቀኝ» ሲል አፉን አይይዘውም፤ ባቡር በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ሁሉ።

እዚያች መስኮት ኋላ የተቀመጥሁት መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ ነው። ወታደሩ ወደየቤቱ ተበትኖ የካኪ ኮት ገበያውን የሞላበት፣ ጎረምሳው ሁሉ ሸራ ጫማውን በኖራ የሚያነጣበት ጊዜ ነበር። ከበረንዳው ትይዩ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ ስሙኒ፣ ቦንቦሊኖ ስሙኒ፣ ሁለቱን ይዘህ ከተቀመጥህ ቤቱ ያንተ ነው። ባለቤቲቱ ያላት አንድ የማሲንቆ ካሴት ብቻ ነበር፤ ቴፑ ሲያኝከው በእስክሪብቶ ጠምዝዛ ትመልሰዋለች፤ ያቺ የታኘከች ቦታ ስትደርስ ዘፋኙ እንደሚያንቀላፋ ሰው ይጎተታል፤ እኛም አብረን እንጎተታለን። ወደ ሞጣ የሚሄደው ሎንቺና ጠዋት ሞተሩን ያስነሳና ሰው እስኪሞላ ጭሱን በረንዳው ላይ ይለቅብናል። ዛሬ በአስፋልት ቅርብ ነው። ያኔ ጉንደ ወይን ሲደርስ ተሳፋሪው አቧራ ለብሶ እርስ በርሱ አይተዋወቅም፤ ሞጣ የገባው ወንድሙን በድምፁ ነበር የሚለየው። የናፍጣ ጭስና የእርጥብ ኖራ ሽታ ሲቀላቀል አሁንም ድረስ ያቺ መስኮት ፊቴ ድቅን ትላለች።

እኔ ደግሞ ትኬት ቆራጭ ልሁን እንጂ ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት የቆየሁ ሰው ነበርኩ። ጨርሼ ሳልመረቅ ወጣሁ፤ ኩራቱን ግን ይዤው ወጣሁ። አንድ ሰው አንዲት ቃል ከተናገረ ሰሙን ትቼ ወርቁን ፍለጋ እሄዳለሁ። «ሁለት ለሞጣ» ላለኝ ገበሬ እንኳ መልስ የምሰጠው አጣምሜ ነው። ሚስቴ ስንዱ «አንተ ሰው፣ ትኬቱን ቆርጠህ ስጣቸው!» ትለኝ ነበር። በዚህ የሚያሾፉብኝ ብዙ ነበሩ፤ ከሁሉ የሚያስቁኝ ሐጅ ሰይድ ናቸው። እሳቸው የሞጣ ሰው፣ ግንበኛም አናጢም ናቸው። የቤቱን ድንጋይ ከጠረቡት አንዱ አባታቸው ነበሩ፤ የእንጨቱን ጥልፍ በኋላ ያደሱት ራሳቸው ናቸው። ክረምት በወጣ ቁጥር ማንም ሳይጠራቸው ከሞጣ ይመጡና በረንዳውን ከዳር ዳር ይዞራሉ፤ ምሰሶውን በጣታቸው አንኳኩተው ያዳምጣሉ፤ የላላ ሚስማር ይመታሉ። ከዚያ መስኮቴ ላይ ክርናቸውን ያስደግፉና «መሪጌታ፣ ቤቴን እንዴት አድርገህ ያዝህልኝ?» ይሉኛል። መሪጌታ አለመሆኔን እያወቁ። እኔም «እርስዎ እስካሉ ምን ይሆናል፣ ሐጅ» እላለሁ። የማይሆን ነገር እንዳለ ግን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ምክንያቱም ችካል ተተክሏል። አዲስ ፕላን መጥቶ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ከችካሎቹ አንዱ ከበረንዳው ወዲያ ማዶ መሆን ሲገባው ወዲህ፣ ከሁለተኛው ምሰሶ ሥር ተመታ። ማዘጋጃ ቤቱ «ይፈርሳል» አላለም፤ «አይፈርስም»ም አላለም። እኔ ጠዋት ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው ችካሉን ነበር፤ ሌሊቱን የተንቀሳቀሰ ይመስለኛል። ከዚህ ጭንቀት የተነሳ ነው አምስት ሰው ሆነን ኮሚቴ ያቋቋምነው። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡት መምህር ደምሴ፣ ጸሐፊው እኔ፤ ሐጅ ሰይድም አሉበት። ለክልሉ ቤቱ በቅርስነት ይመዝገብልን ብለን ጻፍን። መልስ መጣ፤ የቤቱ ፎቶግራፍ በቶሎ ይላክ፤ አለዚያ ጉዳዩን ማየት አይቻልም የሚል። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ያን ዕለት ተሰብስበን ፎቶ እንዲነሳ ወሰንን፤ እኔም ቃለ ጉባኤውን ያዝሁ። «አጀንዳ ሁለት፤ የፎቶግራፍ ጉዳይ» ብዬ ከላይ ጻፍሁና ገጹ አለቀ። በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ውሳኔውን አሰፈርሁ፦ «አሮጌው የመናኸሪያ ቤት ከነ በረንዳው ሳይውል ሳያድር ሙሉ በሙሉ ይነሳ።»

መምህር ደምሴ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡና «ፎቶ ይነሳ ብለህ ብትጨምርበት?» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ። «አጀንዳው ፎቶግራፍ ይላል፣ መምህር። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ መድገም እኛ ቤት ነውር ነው» አልኋቸው። እኛ ቤት ያልሁት ቅኔ ቤቱን ነው፤ ሰባት ዓመት ቆይቼ የወጣሁበትን። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከብዕር የወጣው ግን ከአፋፍም ወዲያ ነው። ግልባጩን ማዘጋጃ ቤት አስገባን፤ ካሜራ ያላት የፎቶ ቤቷ ብርቄ ብቻ ናትና እሷም ለቅሶ ሄዳ ስለነበር መመለሷን መጠበቅ ጀመርን።

ሐሙስ ዕለት የማዘጋጃ ቤቱ ተላላኪ በመስኮቴ ደብዳቤ አቀበለኝ። ቃል በቃል አሁንም ይዤዋለሁ፦ «በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ በተጠየቀው መሠረት አሮጌው የመናኸሪያ ቤት የፊታችን ሰኞ ጠዋት የሚነሳ ስለሆነ፣ በውስጡ የሚገኘው ንብረት ከወዲሁ እንዲወጣና አካባቢው ነፃ እንዲሆን እናሳስባለን።» ከወንበሬ ተነስቼ አጨበጨብሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ፎቶ አንሺ ሊያመጣልን! እኒያን ሰዎች ምን ያህል እንዳማኋቸው አስቤ አፈርሁ። ወዲያው ወደ ሞጣ ለሚሄደው ሹፌር «ሐጅ ሰይድን ሰኞ ቤቱ ይነሳል በላቸው፤ እርስዎም አብረው እንዲነሱ ጸድተው ይምጡ በላቸው» ብዬ ላክሁ። ለመምህር ደምሴም፣ ለሻይ ቤቷም፣ ለሊስትሮዎቹም አወራሁ።

ቤት ገብቼ ለስንዱ ደብዳቤውን አነበብሁላት። ጎመን እየቀነጠበች ነበር። ቀና አለችና «ለፎቶ ዕቃ ማውጣት ምን ይሉታል?» አለች።

«እንዲያምር ነዋ። ጆንያና ሚዛን ተከምሮበት ይነሳ?»

«ፎቶው ከውጭ አይደል የሚነሳ? ከውስጥ ያለውን ጆንያ ማን ያየዋል?»

«አንቺ ደግሞ!» አልሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ውስጤ ረፍት አጣ። «አካባቢው ነፃ እንዲሆን» የምትለዋ አላምር አለችኝ። አርብ ደብዳቤውን አምስት ጊዜ አነበብሁት። ቅዳሜ ማዘጋጃ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመለስሁ፤ «ምን ማለታችሁ ነው?» ብዬ መጠየቅ አቃተኝ። የሌላውን ቃል ስፈታ የኖርሁ ሰውዬ ሦስት መስመር ደብዳቤ ተርጉሙልኝ ልበል? እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የማዘጋጃ ቤቱን ጸሐፊ ከዋርካው ሥር አገኘሁት። ሰላም ካልሁት በኋላ ጥያቄው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ቀድሞኝ ትከሻዬን መታ አድርጎ «እናንተማ ሥራችንን አቀለላችሁልን!» አለኝና ሄደ። ምስጋና ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ምሳ ግን አልበላሁም።

ሰኞ ጠዋት ለገሃር እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ሊስትሮዎቹ በረንዳውን ጠርገው ውኃ አርከፍክፈውበታል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ነጭ ቀሚስ ለብሳ ካሴቷን ሳይቀር ይዛ መጥታለች። መምህር ደምሴ የጡረታ ሽኝታቸው ዕለት የለበሱትን ኮት ለብሰዋል። ሐጅ ሰይድ ከመጀመሪያው ሎንቺና ወረዱ፤ አቧራቸውን አራገፉ፤ ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ቆብ፣ የተቀባ ጫማ። ጆንያውንና ሚዛኑን አውጥተን ከጀርባ ከምረናል። ሁላችንም በየምሰሶው መሀል ተደርድረን፣ ማን መሀል ይቁም በሚለው እየተከራከርን ሳለ ከዳገቱ በኩል የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ። ለመንገድ ሥራው የመጣው ዶዘር ነው። ያልፈናል ብለን ስንጠብቅ ወደኛ ዞረ። ከጎኑ የማዘጋጃ ቤቱ የቴክኒክ ሠራተኛ ወረቀት ይዞ ይራመዳል።

«ደግ አደረጋችሁ፣ ዕቃውን አውጥታችኋል» አለ። «አሁን ከበረንዳው ውረዱልን።»

«ፎቶ አንሺው የት አለ?» አሉ መምህር ደምሴ።

«የምን ፎቶ?»

ያኔ ገባኝ። ምሰሶውን ያዝሁ። ሰውዬው ወረቀቱን ዘረጋ፤ የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ሁለተኛው ገጽ ብቻ፤ ያቺ ውብ አድርጌ ጠምዝዤ የምጽፋት «ነ» ሳትቀር ታየችኝ። ሐጅ ሰይድ አማርኛ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ የሚያነቡት ቁርአናቸውን ነው። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ እኔ አዞሩትና «መሪጌታ፣ ምን ይላል ይኸ? አንብብልኝ እስቲ» አሉ።

መዋሸት እችል ነበር። ወረቀቱ የሌላ ቤት ነው፣ ተሳስተዋል ማለት እችል ነበር። ዶዘሩ ቆሞ ያጓራል። አነበብሁት። «አሮጌው የመናኸሪያ ቤት ከነ በረንዳው ሳይውል ሳያድር ሙሉ በሙሉ ይነሳ።»

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ፣ ሐጅ።»

ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ድንጋይ ፊት አለው። ግንበኛ ፊቱን ወደ ሰው ነው የሚያዞር። አንተ ፊቱን ወደ ውስጥ አርገህ ገነባኸው» አሉኝ። ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መምህር ደምሴ ለሠራተኛው ማስረዳት ጀመሩ፤ ፎቶ ማለታችን ነው፣ አጀንዳው ከላይ አለ፣ ገጹ ተነጥሎ ነው፤ ሰውዬው ግን «እኔ የታዘዝሁት ይኸን ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ መምህር» አለና ለሹፌሩ እጁን አነሳ።

ሐጅ ሰይድ ከሻይ ቤቷ የመጣውን ዱካ ሳቡ፤ በረንዳው መሀል፣ መሀለኛው ቅስት ሥር አስቀመጡት፤ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡበት። «ውረዱ እንጂ አባባ» አለ ሠራተኛው።

«ወረቀቱ ይነሳ አይደል የሚል? ከሞጣ ድረስ ልነሳ ነው የመጣሁ። ሳልነሳ አልነሳም!» አሉ።

በመጀመሪያ የሳቀው የዶዘሩ ሹፌር ነው። ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ሊስትሮዎቹ፣ ከዚያ አዳሜ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጬ እንዲህ ያለ አንድ ቅኔ አልወጣኝም። ሠራተኛው ራሱ ፈገግታውን መዋጥ አቅቶት «እሺ፣ አንድ ፎቶ ተነሱና ውረዱ። የአሥር ደቂቃ ነገር ነው» አለ። ማታውን ከለቅሶ ተመልሳ ነበርና ብርቄን ሰው ሄዶ ጠራት። ካሜራዋን አንግታ፣ ከለቅሶው የተላጨ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና መጣች። የሆነውን መንገድ ላይ ነግረዋታል። በዶዘሩ ፊት አለፈች፤ ሐጅን አየች፤ እኔን አየች። ካሜራውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና መልሳ አወረደችው። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ የካሜራውን ጀርባ ፏ አድርጋ ከፈተችው።

«ውይ! ፊልሙ ተቃጠለ!» አለች። ውይታዋ ምንም ውይታ አልነበረበትም። «ያለኝም እሱ ብቻ ነበር። ከደብረ ማርቆስ እስኪላክልኝ ሐሙስ ይሆናል።»

«እንግዲህ ሐሙስ» አሉ ሐጅ ሰይድ፤ ዱካውንም አመቻቹ።

ሐጅ በአካል ተቀመጡ፤ እኔ በእግሬ ሮጥሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ቀን ቀን እሳቸው ይቀመጣሉ፤ ለሶላት ሲነሱ መምህር ደምሴ ይተካሉ፤ «ዱካው ላይ ሰው እስካለ ነገሩ አንድ ነው» ይላሉ። እኔ የተስተካከለ ቃለ ጉባኤ ጽፌ፣ ፎቶግራፍ የሚለውን ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ጊዜ ደግሜ፣ አምስቱንም አስፈርሜ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተንከራተትሁ። የሚበላ ነገር በአፌ አልዞረም። ዶዘሩ ተነስቶ ባጓራ ቁጥር፣ ሌላ ቦታ ሊሠራ እንኳ ቢሆን፣ ወረቀቴን ጥዬ ወደ በረንዳው እሮጣለሁ። ሐጅ ሲያዩኝ «አለሁ፣ አለሁ» ይሉኛል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ወረቀቴን ተቀበሉ። አነበቡ፤ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው ሰጡኝ። «ይቆይ» ትላለች።

ሐሙስ ፊልሙ መጣ። ሐጅ ሰይድ ተነሱ፤ ሁለቱንም መነሳት። ፎቶው ለክልሉ ተላከ፤ ደርሶናል የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ሐጅ አርፈው ሞጣ ከተቀበሩ ዓመታት አለፉ። መናኸሪያው ወደ ከተማው ዳር ወጣ፤ መንገዱ ሲሰፋ በሁለተኛው ምሰሶ በኩል ጠበብ ብሎ አለፈ። እኔም ጡረታ ወጣሁ፤ ክረምት በወጣ ቁጥር ግን ምሰሶዎቹን እየሄድሁ አንኳኳለሁ፤ ምን እንደምሰማ ባላውቅም። ሰው ሁሉ ቤቱ ተረፈ ይላል። መምህር ደምሴ እስከ ሞቱ ድረስ «ይቆይ ማለት ይኑር ማለት ነው» ይሉ ነበር። ያ የዶዘር ሹፌር ግን ያኔ ዶዘሩን ሲያዞር «ይቆይ ማለት ትእዛዝ እስኪመጣ ጠብቅ ማለት ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስንዱ «ሄደህ ጠይቃቸውና አርፈህ ተኛ!» ትለኛለች። አልጠየቅሁም። ከጠየቅሁ መልስ ይሰጡኛል።

በዚህ ሰሞን አንድ ቆብ ያደረገ ወጣት መሐንዲስ በረንዳውን በሜትር ሲለካ አገኘሁት። እጅ ነሳኝ። «አባባ፣ ይቺ ቤት ምን ተብላ ነው እስካሁን የቆመችው?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። «ይቆይ ተብላ» አልሁት። «እሺ» አለና ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ ለማየት አንገቴን ሳሰግግ ደብተሩን ዘጋው።